የማይዘቅጠው አፈር

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ሙና ግን ይህን ነገር ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ቃሏ አንድ ነው። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።

ሌሊት የሆነ ነገር የለበትም። ጨለማም የለበትም።

የጀመረው ባለፈው ዓመት መስከረም ሃያ ሦስት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ባለ የማሾ ማሳ ውስጥ።

ሙና የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቤቷ ደሴ፣ ሆጤ ነው። የምትሠራው በአንድ የምርምር ላብራቶሪ ነው። ሥራቸው ረቂቅ ብናኝ ነው... በዓይን የማይታይ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺህ እጅ ያነሰ። እንዲህ ያለው ብናኝ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ስኳር አይሟሟም፣ እንደ አሸዋም አይዘቅጥም። ተንሳፍፎ ይኖራል። ኮሎይድ ይሉታል። በአንደኛው ክፍል የብር ብናኝ ለቁስል ቅባት ይሞከራል። በሙና ክፍል ደግሞ የዚንክ ብናኝ ለሰብል።

የማሾው ሙከራ በራሷ ስም የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር። መሬቱን የሰጧት እማ ከሪማ ናቸው፤ ስድሳ ያለፋቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት። በሄደች ቁጥር ሳያበሏት አይለቋትም።

ሙና በክረምቱ ማሳው ላይ አሥራ ሁለት መደብ ለክታ፣ በችካልና በገመድ ከልላ ማሾ ዘርታ ነበር። ስድስቱ መደብ ብናኙ ያለበት ውሃ ይረጫል፣ ስድስቱ ንጹሕ ውሃ። በየሁለት ሳምንቱ ትወርዳለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች፣ ትመለሳለች።

የዚያን ቀን ስትቆጥር አሥራ ሦስት ሆነባት።

እንደገና ቆጠረች።

አሥራ ሦስት...

ከዳር፣ ከግራሩ ሥር፣ አንዲት ትንሽ መደብ ነበረች። ችካል የላትም። ገመድ የላትም። ጠርዟ ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው። ርዝመቷ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው።

የሌሎቹ መደቦች ማሾ ገና አበባ ላይ ነው። የእሷ ፍሬ ይዟል።

ሙና ጎንበስ ብላ አየቻት። ከቦርከና ወንዝ በኩል ነፋስ ይነፍሳል። የአሥራ ሁለቱ መደብ ቅጠል ይወዛወዛል። የዚያች ግን... ጸጥ።

ንብ አይዞራትም። የእማ ከሪማ ፍየሎች አጥር ጥሰው ሲገቡ እንኳ ዳር ዳሯን ዞረው አለፉ እንጂ አልቀመሷትም።

ሙና ወደ ቤት ሄዳ እማ ከሪማን ጠየቀቻቸው፤ ምናልባት የተረፈ ዘር ጥለው እንደሆነ። አልዘራሁም አሉ። ወደዚያ ግን ቀና ብለው አላዩም። ምሳ ሳትበይ እንዳትሄጂ ብለው ቶሎ ወደ ጓዳ ገቡ።

ሙና የረጨችው ብናኝ ወደዚያ ፈስሶ እንደሆነ ማጣራት ነበረባት። ከማሾው ሥር አንድ እፍኝ አፈር ዘግና በላስቲክ ቋጠረች።

ያን አፈር ባልነካሁት ኖሮ ትላለች ዛሬ።

በማግስቱ ደሴ በጉም ተሸፍና ነበር። ሙና አፈሩን አፈ ሰፊ በሆነ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ በውሃ በጥብጣ፣ ክዳኑን ዘግታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ሥራው ቀላል ነው። አሸዋው ወዲያው ይወርዳል፣ ደለሉ በሰዓታት ውስጥ ይረጋል፣ በበነጋው ውሃው ይጠራል።

አልጠራም።

በሁለተኛውም ቀን አልጠራም። አሸዋው እንኳ አልወረደም።

አብሯት የሚሠራው ጣሀ ቀልደኛ ነው። የቃሉ ወረዳ ሰው ግትር ነው፣ አፈሩም እንደዚያው ነው ብሎ ሳቀባት። ሸክላነት ያለው አፈር ይዘገያልና ታገሺው አላት።

ሙና ቀይ ጨረር የምታወጣዋን ትንሽ መፈተሻ መብራት አበራችበት። ጨረሩ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ አይታይም፤ ብናኝ ባለበት ውሃ ውስጥ ግን እንደ ቀይ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ክሩ ታየ። መሃል ላይ ደረሰ...

እዚያው ቆመ።

አንድ ጠጣር ነገር የመታ ይመስል። ውሃው ውስጥ ግን ጠጣር ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስትገባ የጠርሙሱ ግማሽ ጠርቷል። የጠራው ግን ከላይ አይደለም። በጎን ነው። አፈሩ ሁሉ በአንድ ወገን ተሰብስቦ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።

የሙና ወንበር ባለበት ወገን።

ጠረጴዛው ያዘመመ መሰላት። ጠርሙሱን አዞረችውና ተቀምጣ መጻፍ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል...

አፈሩ ዞሮ መጥቷል።

ተነሥታ ጠረጴዛውን ዞረች። አፈሩ በመስታወቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ተከተላት።

ጣሀን ጠራችው። በዚያኛው ወገን አቆመችው። ወደ እሱ አልዞረም። እጁን ቢያስጠጋም አልዞረም። ሙና አንድ እርምጃ ወደ በሩ ስትል ግን አፈሩ ወደ በሩ ሄደ።

ጣሀ ጠርሙሱን ሊያነሣ ነካውና እጁን መለሰ። ክፍሉ እንደ ወትሮው ቀዝቃዛ ነው፤ ሌሎቹ ጠርሙሶች በረዶ ናቸው። ይኼኛው ሞቋል። ጣሀ ክዳኑን ከፍቶ ቴርሞሜትር ከተተ። ብዙ ጠበቀ። ከዚያ ወደ ሙና አዞረላት።

ሠላሳ ሰባት።

"ከየት ነው ያመጣሽው?" አላት በሹክሹክታ።

"ከእማ ከሪማ ማሳ።"

"ከመደቦቹ?"

"አይደለም... ከዳር።"

ጣሀ ክዳኑን መልሶ ዘጋ።

"መልሺው።"

"ነገ እኮ—"

"ዛሬ ሙና። አሁን።"

ሙና ጠርሙሱን እንዳይሰበር በሻርፗ ጠቀለለችው። የኮምቦልቻ ሚኒባስ ተሳፍራ ጭኗ ላይ አኖረችው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር፣ ሳታስበው ደረቷ ላይ ታስጠጋው ጀመር። ሙቀቱ በሻርፑ አልፎ ይሰማታል።

አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ጉልበቷን ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት። ከዚያ ወደ ሻርፑ ዘንበል ብላ ፈገግ አለች።

"ማሻአላህ... ስንት ወሯ ነው?"

ሙና ሻርፑን ገልጣ ልታሳያት ፈለገች፤ እጇ አልታዘዝ አላት።

ሴትየዋም ነፋሱ እንዳያገኛት ብላ መስኮቱን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

እማ ከሪማ ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እማ ከሪማ ደጃፋቸው ላይ በማንቆርቆሪያ እየታጠቡ ለአሱር ሰላት ውዱእ ያደርጋሉ። ሙና ሰላምታ ሰጥታ ሻርፑን ፈታች። ስለ አፈሩ እንዴት ብላ እንደምትነግራቸው መንገዱን ሙሉ ስታስብ ነበር የመጣችው።

መንገር አላስፈለጋትም።

አፈሩ ከእሷ ወገን ተላቀቀ። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዋት... ውሃውን ቀስ ብሎ ሰንጥቆ አለፈ... እማ ከሪማ ባሉበት በኩል መስታወቱ ላይ ተለጠፈ።

ወደ ሙና አልተመለሰም።

እማ ከሪማ ማንቆርቆሪያቸውን መሬት አስቀመጡ። አልጮኹም። እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

"ከግራሩ ሥር ነው?"

"አዎ እማ።"

ከዚያ ነገሯት። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን አራስ ነበሩ። ባላቸው እህል ፍለጋ ከወጣ ሰንብቷል። ልጅቱ ስም እንኳ አልወጣላትም፤ ለአቂቃ፣ ለስም ማውጫዋ፣ የሚታረድ ቀርቶ የሚቀመስ ያለው ሰው በመንደሩ አልነበረም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እቅፋቸው ውስጥ ቀዘቀዘች። ጀናዛ የሚሸከም ጎረቤት አልቀረም፤ እሳቸውም እስከ መቃብሩ የሚያደርስ ጉልበት አልነበራቸውም። ከግራሩ ሥር በእጃቸው ቆፍረው አስገቧት። መገነዣ ከፈን የለ፣ የሚሰግድባት የለ። ባላቸው ሲመለስ ከሰው ጋር መቃብር ወስጃታለሁ አሉት። እስኪሞት ድረስ አላወቀም። አርባ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም።

"እስከ መጨረሻዋ አፏን ከፍታ ትፈልገኝ ነበር" አሉ፤ ዓይናቸው ጠርሙሱ ላይ ነው። "የምሰጣት አልነበረኝም፣ ልጄ።"

ሙና አፈሩን ወደ ቦታው እንመልሰው፣ ሼሁንም እንጥራና ሰላት ይሰገድባት አለቻቸው። እማ ከሪማ ኢንሻአላህ አሉ። ይሆናል አሉ። ቀና ብለውም እንደ ልጅ ለመኗት።

"ዛሬን ብቻ እኔ ጋ ትደር።"

ሙና እምቢ ማለት ነበረባት። ይህን ራሷም ታውቃለች። ነገር ግን እኒያ ሴት በእርጥብ እጃቸው እየለመኗት፣ አፈሩ መስታወቱን ሊያልፍ የፈለገ ይመስል ወደ እሳቸው ተለጥፎ እያየች... ሰጠቻቸው።

እማ ከሪማ እንደ ዕቃ አልተቀበሏትም። የጠርሙሱን አፍ በግራ ክንዳቸው እጥፋት ላይ አስደግፈው፣ በቀኝ እጃቸው ከሥር ደገፉት።

ሙና ደሴ ተመለሰች። ጣሀ ጠየቃት፤ መለስኩት አለችው። በሪፖርቱ ላይ አሥራ ሁለት መደብ ብላ ጻፈች። ጣሀም አየው፤ ከዚያ በኋላ ስለዚያ አፈር አንድም ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

ግን አንድ ነገር አለ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይቀንሳል። በየጠዋቱ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥና ጠረጴዛዋን ባዶ ሆኖ ስታየው፣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላታል።

ናፍቋታል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ማሾው ደረሰና ለለቀማ ወረደች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ገና ከአጥሩ ስትደርስ ጠርሙሱን አየችው። ታጥቦ፣ አፉ ተደፍቶ እንጨት ላይ ተሰክቷል። ባዶ ነው።

አልሃምዱሊላህ አለች። አፈሩ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ሰላቱም ተሰግዶ ሁሉም ያለቀ መሰላት።

እማ ከሪማ ከቤት ወጡ። በሩን ከኋላቸው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንዳይንቋቋ ቀስ አድርገው ገርበብ አደረጉት። ፊታቸው ሞልቷል። ጥቁር ቀሚስ ለብሰው ሰፊ ሻሽ ደርበዋል። ሙና ሼሁ መጥተው እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልመጡም አሉ።

"ታዲያ አፈሩስ፣ እማ?"

እማ ከሪማ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ቀስ በይ ልጄ... አሁን ገና ነው የተኛችው።"

ከቤቱ ውስጥ ምንም ድምጽ አልተሰማም። ሙና በዚህ ትምላለች። ምንም።

እማ ከሪማ ግን ከውስጥ የጠራቸው ያለ ይመስል ድንገት ወደ በሩ ዞሩ። በችኮላ ሲዞሩ ሻሹ ከትከሻቸው ተንሸራተተ።

በጥቁሩ ቀሚስ ደረት ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ ወተት ክብ ሠርቶ ነበር... ሙና ቆማ እያየችው፣ እርጥበቱ እየሰፋ ሄደ።