የግል ጉዳይ እዚህ አይገባም

«ለምሳ ከመውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

መምህርቷ ይህን ያለችው ለሁለት ጫማዎች ነው። በድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር ከወጡት ጫማዎች በቀር፣ የሚታይ ሰው አልነበረም። ጫማዎቹ ተንቀሳቀሱ፣ አንድ ራስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨ፣ ከዚያም ፀጉሩ አቧራ የለበሰ ወጣት ጥቁር ገመድ እንደያዘ ብቅ አለ።

«ይጠይቁ» አላት አናቱን እያሻሸ።

ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት እስከዚያ ድረስ እየሮጠች ነው የመጣችው። ከሰዓት በኋላ ክፍል አላት። ሦስት ቀን ስትለማመደው የከረመችውን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ለቀቀችው።

«የሁለተኛ ደረጃ የቢዝነስ መምህርት ነኝ። አራት ዓመት አስተምሬአለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ መማር ፈልጌ ነበር፤ እንደኔ ላለ ሰው ምን አማራጭ እንዳለ ግን አላወቅሁም።»

ወጣቱ ገመዱን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አንደኛው የቢዝነስ ትምህርት ነው፤ አብዛኞቹ መምህራን እሱን ይይዛሉ። ሁለተኛው ማኔጅመንት። ሦስተኛውን ማንም አይጠይቅም እንጂ ለእናንተም ክፍት ነው፤ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ። ቀድመው ሁለት ማሟያ ኮርስ ከወሰዱ ይገባሉ። እዚሁ በቅዳሜና እሁድ ከሆነ ሦስት ዓመት ነው፤ ዋናው ግቢ ሄደው በመደበኛው ከተማሩ ደግሞ ሁለት።»

«ዋናው ግቢ ሩቅ ነው?»

«በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል።»

እንደ ትጉህ ተማሪ ሁሉንም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቀና ስትል እያያት ነበር። ዓይኗን ወደ ደብተሯ መለሰች።

«እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?»

መልሱን ሳትሰማ በሩ ተከፈተና አንዲት ጎልማሳ ሴት የምሳ ዕቃቸውን ይዘው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ፕሪንተሩን እይልኝ ብዬህ በወንበሬ ሰው ትመዘግባለህ?»

መምህርቷ አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ወጣቱን አየች። የወጣቱ ጆሮ ቀላ።

«እኔም እንደ እርስዎ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለ። «የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ከየት አምጥተው ነው?»

«ውጭ ያለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሁለት ሰዓት ስጠብቅ በቃሌ ያዝኩት።»

«የነገራት ልክ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ ደብተሩን በትከሻዋ በኩል አጮልቀው ካነበቡ በኋላ። «እንዲያውም ከእኔ ይሻላል። እኔ መነጽሬን እስካገኝ የሰው እድሜ ያልቃል።»

መምህርቷ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ «ሬጅስትራሩ» ሆኖ ቀረ።

*

ቤት ውስጥ እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። እጃቸው እንደ ድሮው ነው፤ ዓይናቸው ግን ከዳቸው። ስፌት መኪናውን በልማድ ያስኬዱታል፤ ቁልፍ ለመትከልና ጠርዝ ለማጠፍ የሚይዟትን የእጅ መርፌ ቀዳዳ ማየት ግን አይችሉም። ስለዚህ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቷ በፊት ሃያ መርፌ ላይ ክር ትሰካና፣ ነጩን በቀኝ ጥቁሩን በግራ አድርጋ ትንሿ ትራስ ላይ ትደረድርላቸዋለች። ቀኑ በሃያ መርፌ ይለካል። ከሰዓት ስትመለስ ትራሷ ባዶ ከሆነች ሥራ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከባድ አልነበረም። መደበኛውን ማሰብም ቅንጦት ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን መርጣ የቅዳሜና እሁዱን ልትሞላ ወሰነች።

ማሟያ ኮርሶቹ ግን አስጨነቋት። በተለይ ዳታቤዝ የሚባለው እንቅልፍ ነሳት። ይህን ሰምቶ «እኔ አሳይሻለሁ» ያላት ሬጅስትራሩ ነው፤ በሁለተኛው ቀን «እርስዎ» ጠፍቶ «አንቺ» ሆና ነበር። በምትኩ እሷ የማመልከቻ ጽሑፉን ልታርምለት ተስማሙ። «እኔ ፕሮግራም እንጂ አረፍተ ነገር አልችልም» ይል ነበር።

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ከሰዓት በኋላ ባዶ የሚሆነው ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል። ሁልጊዜ መስኮቱ አጠገብ ባለው ቁጥር ሰባት ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣሉ። የኮምፒውተሩ ማቀዝቀዣ እንደ አሮጌ መኪና ይንኳኳ ስለነበር፣ ወረቀት አጥፎ ከሥሩ ወተፈለትና ዝም አሰኘው።

«ሁለት ሠንጠረዥ የሚገናኘው የጋራ የሆነ ነገር ሲኖረው ነው» አላት አንድ ቀን። «ምሳሌ ስጪኝ።»

«ተማሪና ክፍል።»

«ጎበዝ። ሌላ?»

«ሻጭና ገዢ።»

«መምህርነትሽ አይለቅሽም። ሌላ?»

ሌላ ምሳሌ በልቧ ነበር። አልተናገረችውም። እሱም መልሱን አልጠየቃትም፤ እጁ ከእጇ አጠገብ የመተየቢያ ሰሌዳው ላይ አርፎ ቀረ። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ከእሱ ጣት ወደ እሷ ጣት እስኪሻገር ሁለቱም እጃቸውን አላነሡም።

ቤት ስትገባ አባቷ የፊቷን ነገር ባያዩም የእግሯን ድምፅ ያውቃሉ።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» ይሏታል።

«በምን አወቁ፣ አባባ?»

«ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወጣሽው።»

*

ማመልከቻ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራሩ የዓላማ መግለጫውን አምጥቶ ሰጣት። አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ለምን ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን መማር እንደፈለገና ለምን የቅዳሜና እሁዱን መርሐ ግብር እንደመረጠ የሚያስረዳ።

«እዚህ ሆነሽ እንዳታርሚው» አላት። «ቤትሽ ወስደሽ እይልኝ። እስከ መጨረሻው አንብቢው፣ እሺ?»

ወሰደችው። ተማሪዎቿ «ቲቸር ቀይ እስክሪብቶ ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆናለች» ይሏታል፤ እውነታቸውን ነው። የክፍል ሥራ እንደምታርም ሆና ቀጠለች፤ እዚህ ነጠላ ሰረዝ፣ እዚያ የተደጋገመ ቃል። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

«ይህንን መርሐ ግብር ከመደበኛው ያስመረጠኝ ሌላም ምክንያት አለ፤ በዚህ ከተማ ልለየው የማልፈልገው ሰው አለኝ።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ማንን ነው? እናቱ ገጠር ናቸው። ምናልባት የማታውቃት ሌላ ሴት ትኖር ይሆናል። ምናልባት ደግሞ... ልቧ ደረቷን ሲመታ አባቷ ከወዲያ ክፍል የሚሰሙት መሰላት።

መጠየቅ ትችል ነበር። ነገ ሄዳ «ማነው እሱ ሰው?» ማለት ሦስት ቃል ነው። ግን «አንቺ አይደለሽም» ቢላትስ? ፈሪ ሰው መውጫ አያጣም፤ እሷ እጅ ላይ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ ነበረ። አረፍተ ነገሩን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰረዘችውና ሁልጊዜ ለተማሪዎቿ በምትጽፍበት ክብ ፊደል ኅዳጉ ላይ ጻፈች፦

«የግል ጉዳይ እዚህ አይገባም።»

እንደ እርማት ትክክል ነበር። የትኛውም መምህር እንዲያ ይጽፋል።

*

በሚቀጥለው ሐሙስ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆሞ አነበበው። ፊቱን አጥንታ ምንም አላገኘችም።

«አመሰግናለሁ» አለ። «ብዙ ደክመሽበታል።»

«ያልገባህ ነገር ካለ...»

«አይ፣ ግልጽ ነው። በጣም ግልጽ ነው።»

የዚያን ቀን ዳታቤዝ አልከፈቱም። በማግስቱ ሰላም ሊላት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ደወል ተደውሎ ተማሪው በሁለቱ መሐል እንደ ውኃ ይፈስ ነበር።

«መደበኛውን ሞላሁ» አላት። «ዋናው ግቢ።»

የያዘችውን ደብተር ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረች።

«ጥሩ ነው» አለች። «አንድ ዓመት ያሳጥርልሃል።»

«አዎ፣ አንድ ዓመት።»

«አውቶቡሱ ማልዶ ነው የሚነሳው ይባላል። የሚለበስ ነገር ያዝ።»

ከሁሉ ቃል መርጣ ያለችው ይህን ነው። እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ሊሄድ ዞረ፤ መልሶ ዞረና «ቁጥር ሰባት ሥር ያለውን ወረቀት እንዳያነሡት ንገሪያቸው» ብሏት ሄደ።

*

ትምህርት ተከፈተ። ቅዳሜና እሁድ ትማራለች፤ ሌላውን ቀን ታስተምራለች። ዳታቤዝ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች፤ የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ሁለት ጊዜ አጭር መልእክት ልኮላት ነበር፤ «ደርሻለሁ» እና «ኮርሱ እንዴት ነው»። እሷም «እንኳን ደረስህ» እና «ደኅና ነው» ብላ መለሰች። ረጅሙን መልስ እየጻፈች ታጠፋዋለች። የጠፋው ቢሰበሰብ ኖሮ መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ ኮምፒውተር ክፍሉን ትከፍታለች። የምትሠራው ሥራ አይኖራትም። ቁጥር ሰባት ላይ ትቀመጥና መስኮቱን ታያለች፤ ፀሐዩ የመተየቢያ ሰሌዳው ላይ ይመጣል፣ ይሻገራል፣ ይሄዳል። ደረጃውን አንድ አንዱን ትወጣለች። አባቷም ስለ ሐሙስ መጠየቅ ትተዋል።

የመጀመሪያው ዓመት ሊያልቅ ሲል ውጤቷን ልትወስድ ድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን ይፈልጉ ነበር።

«ግንባርዎ ላይ ነው» አለቻቸው።

«አቤት፣ ልጄ። ሬጅስትራራችን ከሄደ ወዲህ ሁሉ ነገር ጠፍቶብኛል።» መሳቢያቸውን ሲያገላብጡ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ይኸው፣ ይህም ያንቺ ነው መሰለኝ። ጽሑፍሽን አውቀዋለሁ። ማመልከቻውን ሊያስገባ የመጣ ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ ይህን ረስቶት ሄደ።»

ቀይ እርማቷ ያለበት ረቂቅ ነበር። ገለጠችው። ሌሎቹ እርማቶች ሁሉ አጠገብ በእርሳስ ትንሽ ምልክት አድርጓል፤ የተቀበለውን ለማወቅ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ግን ምልክት አልነበረም። ከእሷ ክብ ፊደል ሥር በእርሳስ፣ እጁ ከብዶት እንደጻፈ በሚያስታውቅ አጻጻፍ፣ እንዲህ ይል ነበር፦

«መልሷን ሰጥታኛለች። መደበኛውን ልሙላ።»

ተቀመጪ ሳትባል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ምነው? ወድቀሻል እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ ደንግጠው።

«አልወደቅሁም» አለች መምህርቷ። «ያለ አግባብ የጣልኩት ሰው አለ።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አውርደው አነበቡት። መሳቢያውን እንደገና ከፍተው አንድ ቅጽ አወጡና ፊቷ አኖሩት።

«ከቅዳሜና እሁድ ወደ መደበኛ መዛወሪያ ነው። ውጤትሽ ይፈቅዳል። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ግን ልብ ብለሽ ጻፊ።»

*

አባቷ አንድ ሱሪ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ጠርዙን በጣታቸው ይለኩ ነበር። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መዛወሪያው ቅጽ ድረስ ነገረቻቸው፤ የግል ጉዳይ ስታወራ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

«እና መርፌውን ነው የፈራሽው?» አሉ ስትጨርስ።

«መርፌውን ብቻ አይደለም። ብቻዎን...»

«ስሚኝ፣ ልጄ። በዚህ ሰፈር ዓይን ያለው ሰው ያለቀ አይምሰልሽ። የጎረቤታችን ሚስት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ትሰካልኛለች፤ ወሬዋን ከሰማሁላት ሃያ አይደለም አርባ ትሰካለች።» የያዟትን መርፌ ትራሷ ላይ ሰኩ። «እኔ ዓይኔ የከዳኝ ስፌት ላይ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ደረጃውን እየቆጠርሽ ስትወጪ አልሰማሁም ብለሽ ነው?»

ያን ቀን ከሰዓት ቅጹን ሞላች። የምክንያቱን ረቂቅ በሌላ ወረቀት ጽፋ፣ ፖስታ ውስጥ ከአንድ ቀይ እስክሪብቶ ጋር አድርጋ ዋናው ግቢ ላከችው። መልእክቱ ላይ «አርምልኝ፤ እስከ መጨረሻው አንብበው» ይላል። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ነበር፦

«መደበኛውን መርሐ ግብር ያስመረጠኝ ሌላም ምክንያት አለ፤ እዚያ የሚማር፣ ሐሙስ ሐሙስ ይመጣ የነበረ ሰው አለኝ። ባለፈው ዓመት አንድ አረፍተ ነገር በስህተት ሰርዤበታለሁ።»

አሥራ አንድ ቀን ጠበቀች። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የተማሪዎቿን ደብተር በሰማያዊ አረመች፤ ቀይ መያዝ አስጠላት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፖስታው ተመለሰ። እንዳዘዘችው አርሞታል፤ እዚህ ነጠላ ሰረዝ፣ እዚያ የተደጋገመ ቃል። አንዳንዱ እርማቱ ስህተት ነበር፤ አረፍተ ነገር አይችልም ማለቱ እውነት ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር ከሥሩ በቀይ አስምሮበት ኅዳጉ ላይ ጽፏል፦

«ይህ ይቆይ። ለቢሮው ሌላ ጻፊላቸው።»

ለቢሮው ሌላ ጻፈችላቸው። ዝውውሩ ተፈቀደ። ትምህርት ሲከፈት ዋናው ግቢ ገባች፤ አውቶቡሱ ማምሻውን ሲደርስ እሱ የሚለበስ ነገር ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ዓመት አብረው ተማሩ። እሱ ቀድሟት ተመረቀ፤ እሷ እስክትጨርስ ድረስ ግን እዚያው ሥራ ይዞ ቆየ።