የቀላው ሬሳ

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐጃ ኒዕማ አልጋዋ ላይ ሞታ ተገኘች። ሬሳ አጣቢዋ ጦይባ ስትደርስ የፖሊስ መኪና ከበር ቆሟል፤ ሠራተኛዋን ሬሕማን «ሻይ ውስጥ መርዝ ጨምራለች» ብለው ሊወስዷት እየጠበቁ ነው። የትኛው ሞኝ ነው በገዛ ሻዩ የሚገድል?

ጦይባ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሬሳ ግን ታነባለች። ሬሳ ይገረጣል፣ የኒዕማ ገላ ግን እንደ ሙሽራ ቀልቷል። ጢስ ጢስ ይሸታል። ተረከዟ ተልጧል። ጦይባ ጓሮ ዞራ የጢስ መሞቂያዋን ክፍል አየች፤ መስኮቱ በጨርቅ ተወትፏል፣ ያውም ከውጭ።

የሟችን ልጅ ኢሃብን ጠራችው።

«ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ሳሎን፣ ከሬሕማ ጋር ፊልም ስናይ። የድሮ የአሜሪካ ቀልድ ነው ኻልቲ፣ አክስቴ። ሰውዬው ሞቶ ሰማይ በር ላይ ወንጀሉን ሲጠይቁት ይኩራራል! ወላሂ፣ ግማሹ ላይ መብራት ሄደ።»

«እህትህስ?»

«ከኋላችን ነበረች መሰለኝ።»

ሬሕማም ያንኑ አለች። እህቱ ሱላፋ ግን «መጨረሻ ላይ ጀነት ሲያስገቡት ሳቅኩ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ጦይባ ሦስቱንም በረንዳው ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ስሙ። ይህ ቅላት የከሰል ጢስ ያመጣው ነው፤ ቤት ዘግተው ጢስ ሲሞቁ የሞቱ አጥቤያለሁ። እዚህ አገር ጢስ የምትሞቅ ባል ያላት ናት። ኒዕማ ባሏ ከሞተ አራት ዓመቷ፤ ለማን ትሞቃለች? ልታገባ ነበራ!»

ሬሕማ አለቀሰች። «ማንም እንዳይሰማ አስምላኝ ነው። እሳቱን ያነደድኩት እኔ ነኝ። ‹ሂጂ ፊልምሽን እዪ› አለችኝ።»

«መስኮቱስ?»

«ክፍት ነበር።»

«ሁለታችሁ ሳሎን ናችሁ። ሱላፋ፣ ያልታየውን መጨረሻ የት አየሽው? ጓሮ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆመሽ መብራት መጥፋቱን በምን ታውቂ! ስትመለሺ ሞታለች፤ አልጋዋ ድረስ ስትጎትቻት ተረከዟን ላጥሽው።»

ሱላፋ ፊቷን ሸፈነች። «ሽታው ጎረቤት እንዳይደርስ ብዬ ነው… በስተርጅና ሙሽራ ብለው ይስቁብን ነበር። ልገድላት አይደለም ኻልቲ!»

«አውቃለሁ። ይችን ልጅ በመርዝ ከሰሽ ለስቅላት ገመድ ስትሰጪ ግን አውቀሽ ነው።»

ኢሃብ ጎንበስ አለ። «ኻልቲ፣ እናታችንን ከፍኚልን። ለሬሕማ በኋላ ጠበቃ እንይዛለን።»

ጦይባ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «ከፈኑን አልነካም። እህትህ ፖሊሱን ታናግር፤ ያኔ እናትህ ትቀበራለች። እኔ አልቸኩልም፤ ሙቀቱ ግን ይቸኩላል።»

ሱላፋ ተነሥታ በባዶ እግሯ ወደ በሩ ሄደች። ሬሕማም ብድግ አለች፦ «እኔም ልንገራቸው፣ እሳቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ የማጠቢያውን ውሃ አምጪልኝ» አለቻት ጦይባ።