ዓሦቹ ያልወደዱት ዜማ

በደንገዛ ምድር ውሃ የጠቆረው በንጉሥ ዘምዱር ዘመን ነው። አንድ ማለዳ ቤተ መንግሥቱ ደጅ ያለው ምንጭ ጥላሸት መስሎ ወረደ። ከብቶቹ አሽትተው ተመለሱ፤ ሕፃናት ጠጥተው ታመሙ።

ምንጩ የሚነሳው ከአሩክ ዋሻ ነው። እዚያ ዓይን የሌላቸው ነጫጭ ዓሦች አሉ፤ ከድንጋዩ የሚወርደውን ጥቁር አተላ እየበሉ ውሃውን ያጠሩታል። አሁን ግን ጉርዝም የሚሉት፣ ቆዳው ድንጋይ የሆነ ዘንዶ ከምድር ሆድ ወጥቶ ፈጃቸው። የተረፉት ጥቂት ናቸው።

ንጉሡ የዋሻውን ጠባቂዎች ልጅ፣ አስረበብን አስጠሩ።

«ተራራውን ተሻግረሽ ከሲያት ዋሻ ዓሣ አምጪና አሩክ ውስጥ ጨምሪ። ያም ነጭ፣ ይሄም ነጭ፤ ያም ዕውር፣ ይሄም ዕውር። ዘንዶው እስኪጠግብ እንጨምርበታለን!»

ለአስረበብም ነገሩ ልክ መሰላት። ሹሩባዋን እዚያው ፈታችና፣ «ፈጣሪ ምስክሬ ነው፤ ውሃው ሳይጠራ ፀጉሬን አልሠራም!» ብላ ማለች።

አብሯት የሄደው የእናቷ ወንድም ጎንጤ ነው። ጎንጤ ደፋር ነው፤ ዜማ ግን አልታደለም። ጠባቂዎቹ ዋሻው ሲገቡ እግራቸውን ታጥበው፣ ካያት የወረሱትን ጥሪ ያንጎራጉራሉ፤ ዓሦቹም ሰምተው ይሰበሰባሉ። ጎንጤ ሲያንጎራጉር ድምፁ መሐል ላይ ይሰበራል፤ አንድም ዓሣ አይመጣለትም።

ተራራውን ወጡ። ክንፍ ያላቸውን የገደል ጅቦች በጦር እየመለሱ ሲያት ደረሱ፤ ዓሦቹን በትልቅ ቅል ከነውሃቸው ይዘው አሩክ ገቡ። አስረበብ ከመገልበጧ በፊት እንደ ልማዱ ቅሉ ላይ ጎንበስ ብላ አንጎራጎረች። የቅሉ ዓሦች ንቅንቅ አላሉም። የአሩኮቹ ግን ከኩሬው ብቅ ብቅ አሉ።

«እነዚህ ምነው አይሰሙም?»

«አንቺም ቅል ውስጥ ታጉረሽ ተራራ ብትሻገሪ ዘፈን አያምርሽም!» አለ ጎንጤ።

አተላ ከድንጋዩ ፍቃ ቅሉ ውስጥ ጣለች። ሸሹት። ኩሬው ውስጥ ስትጥል ግን ተሻምተው በሉት። አስረበብ መንታ ወንድሞቿ ትዝ አሏት፤ ጎረቤቱ ሁሉ አንዱን ከሌላው ሲያምታታ እናቷ በሳላቸው ትለያቸው ነበር።

«አጎቴ፣ መልካቸው ነው እንጂ ዘራቸው አንድ አይደለም! ብንቀላቅላቸው የአሩክ ዘር ሊጠፋ ነው። ፈጣሪ ለያይቶ የፈጠረውን ለመቀላቀል እኛ ማን ነን?»

ከጥልቁ ድንጋይ ሲፋተግ ተሰማ። ዜማዋን ጉርዝምም ሰምቶታል።

ጎንጤ ጠባቂዎቹ ዋሻው ውስጥ የሚያስቀምጡትን ድጅኖ አነሳ። «ይሄ ዘንዶ ዕውር ነው፤ የትኛውንም ድምፅ ይከተላል። አንቺ ብትጠሪው ዓሦቹም ተከትለውሽ አፉ ውስጥ ይገባሉ። የእኔን ዜማ ግን እነሱ አይወዱትም» ብሎ ሳቀ።

«የዋሻው የታችኛው ጓዳ ጣሪያው ተሰንጥቋል እኮ!»

«ታዲያ ለምን የምሄድ መሰለሽ? ፀጉርሽን ደግሞ ቶሎ ተሠሪው፤ አስፈሪ ሆነሻል።»

እያንጎራጎረ ወረደ። አስረበብ ቅሉን አቅፋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጉርዝም ባጠገቧ አልፎ ድምፁን ተከተለ። ከኩሬው አንድም ዓሣ አልተነቃነቀም። ቀጥሎ ድጅኖው ሲመታ ተሰማ፤ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ጣሪያው ወረደባቸው። ዜማው ሁልጊዜ የሚሰበርበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

የተረፉት ዓሦች ተዋልደው በዙ፤ ውሃውም ጠራ። ንጉሡ ግብር አበሉ። አስረበብ ግን ግብሩ ላይ አልተገኘችም፤ ቅሉን ተሸክማ ተራራውን እንደገና ወጣች። «የሌላው ልጅ ለእናቱ ይመለስ» ብላ ዓሦቹን ሲያት ለቀቀቻቸው። ስትመለስ እናቷ ፀጉሯን ሠራቻት።

ከዚያ ወዲህ የአሩክ ጠባቂዎች ሲገቡ ጥሪውን አሳምረው ያንጎራጉራሉ፤ ዓሦቹም ይሰበሰባሉ። ሲወጡ ግን በር ላይ ቆመው ያንኑ ዜማ መሐሉ ላይ ሰብረው ያንጎራጉሩታል። አንድም ዓሣ አይመጣም። እንዲመጣም አይደለም።