የቡድሃው ራስ ወደ ዋሻው ሲመለስ

በአዝራን መንግሥት የንጉሥ ኦርሜን ድል በሚከበርበት ዕለት፣ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ የተተከለው የድንጋይ ራስ ዓይኖቹን ገለጠ። ራሱ ምርኮ ነበር። ንጉሡ በጎልማሳነቱ የሺዋንን ተራራ ወግቶ፣ ከአለት በተፈለፈለ የዋሻ መቅደስ ውስጥ፣ የተራራው ሰዎች ቡድሃ፣ ማለትም «የነቃው» ከሚሉት ምስል አንገት ላይ አስቆርጦ ያመጣው ነው። ዓይኖቹ ከተገለጡ ወዲህ ከአዝራን እንቅልፍ ጠፋ። ሕፃን በጡት ላይ አላሸለበም፤ ሽማግሌ ጎኑን አሳርፎ አላንቀላፋም። ሰው ሰውን መታገሥ አቃተው። ወንድም ወንድሙን «ለምን አየኸኝ» ብሎ በጦር ወጋው።

ያን ጊዜ የንጉሡ ልጅ ናርዳ በአደባባይ ቆማ፣ እጇን በሰይፏ ላይ አድርጋ ማለች። «አባቴ ያመጣውን እኔ እመልሳለሁ። ራሱን ከአንገቱ ሳላገናኝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ፤ ስሜም ከአባቶቼ ስም ጋር አይጠራ።»

መንገዱን የምታውቀው ሺምራ ብቻ ነበረች፤ በዚያ ዘመቻ ተማርካ በቤተ መንግሥቱ ወፍጮ ቤት ጠጉሯ የሸበተ ሴት። ንጉሡ ነጻነቷን ሰጥቶ መሪ አደረጋት። ናርዳም ራሱን በበቅሎ አስጭና ከጥቂት ዘበኞች ጋር ተነሣች።

ሺምራ እስከ ወሰኑ ወንዝ ድረስ «እመቤቴ» እያለች ሄደች። ወንዙን እንደተሻገሩ ግን ዘወር ብላ፣ «ከዚህ ወዲያ ‹አንቺ› እንጂ ‹እመቤቴ› አይደለሽም» አለቻት። «የምመራሽም ስለ ነጻነቴ አይደለም። የዚያ ሰው ልጅ በወንድሞቼ መቃብር አጠገብ አንገቷን ደፍታ ስታልፍ ለማየት ነው።»

የዘበኞቹ አለቃ ጎዳር ጎራዴውን መዘዘ። «ምላሷን ልቁረጥልዎ፣ እመቤቴ?»

«ተዋት» አለች ናርዳ። «መንገዱ ያለው በምላሷ ላይ ነው።»

እንቅልፍ ያጡት ዘበኞች ብዙ አልተጓዙም። በአንድ የውሃ ኮዳ ተጣልተው ተራረዱ፤ የተረፉትም እየተሳደቡ ወደ ኋላ ተመለሱ። ከናርዳ ጋር የቀረው ጎዳር ብቻ ሆነ። እርሱንም መንገዱ በሚያልፍበት ገደል ላይ ድምባዝ ጠበቀችው፤ ክንፏ ጸሐይን የሚጋርድ፣ ጥፍሯ የናስ የሆነ፣ የተራራው አሞራ። ወደ በቅሎዋ ስትወረወር ጎዳር ጦሩን በደረቷ ላይ ሰካ። ድምባዝ ግን በጥፍሯ አንቃ ያዘችው። «እመቤቴ፣ ይሂዱ!» አለና እግሩን ከአለቱ ላይ አነሣ። ሁለቱም ተያይዘው ወደ ጥልቁ ወረዱ።

ናርዳ የምታለቅስበት ጊዜ አላገኘችም። ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበር። ውሃ ስትለምን ሴቶቹ እያየቻቸው እንስራቸውን በመሬት ላይ ደፉ። ወንዶቹ ድንጋይ ወረወሩ፤ አንዱ ግንባሯን ፈነከታት፤ ሌላው በቅሎዋን ጣላት። ራሱን ሁለቱ ሴቶች በመጎናጸፊያ አዝለው፣ እየወደቁና እየተነሡ አቀበቱን ወጡ።

በመቅደሱ ደጃፍ ቢጫ የለበሰ፣ ራሱን የተላጨ ሽማግሌ መነኩሴ ቆሞ ነበር።

«ጫማሽን አውልቂ» አላት። «እዚህ የሚመታሽ የለም። እንኳን መጣሽ የሚልሽም የለም።»

ናርዳ በባዶ እግሯ ገባች። ዋሻው ከውጭ ሲያዩት ጠባብ፣ ውስጡ ግን የአደባባይ ያህል ነበር። በግራና በቀኝ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ እግራቸውን አጣጥፈው የተቀመጡ ምስሎች በአለቱ ተቀርጸዋል። የቅቤው መብራት ሲወዛወዝ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። የብዙዎቹ ፊት በመዶሻ ተቀጥቅጧል። እያንዳንዱን ስብራት እያየች ስታልፍ፣ በቤቷ «የአባትሽ ጀግንነት» እየተባለ የተተረከላት ይህ መሆኑን ተረዳች። አፈረች።

ከዋሻው መጨረሻ ታላቁ ምስል ራስ አልባ ተቀምጧል። መነኮሳቱ አላገዟቸውም። ሁለቱ ሴቶች ራሱን አነሡና በአንገቱ ላይ አኖሩት። ዓይኖቹ ግን አልተከደኑም።

«መልሻለሁ» አለች ናርዳ። «ስለምን አይከደኑም?»

«ንቃት በራሱ ጥረት ለደረሰበት ሰው ሰላም ነው፤ ለዘረፈው እሳት ነው» አለ ሽማግሌው። «ሕዝብሽ ላይ የፈሰሰው ወደ ድንጋይ አይመለስም። የሁሉንም ወስዶ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚሸከም አንድ ሕያው ሰው ይፈልጋል።»

«እኔን እንዳታዪ» አለች ሺምራ።

«አላየሁሽም።» ናርዳ በምስሉ ጉልበት ላይ ሁለት እጇን አኖረች። «የአዝራን ንቃት በእኔ ላይ ይሁን። ዓይኔ እንቅልፍን አይወቅ፤ ሕዝቤ ይረፍ።»

የድንጋዩ ዓይኖች በዝግታ ተከደኑ። በዚያች ቅጽበት የከተማው ቁጣ፣ የእናቶች ድካም፣ የሕፃናት ለቅሶ በአንድነት ዓይኗ ውስጥ ገባ። በግንባሯ ተደፋች። የደገፋት አልነበረም፤ ራሷ ተነሣች።

ሽማግሌው ይቅርታ አልሰጣትም፤ እርሷም አልጠየቀችም። ሺምራ ግን በመልሱ ጉዞ በመንደሩ መካከል ከፊቷ ሄደች፤ ድንጋይ የጨበጡትም እጃቸውን አወረዱ። ከገደሉ አፍ ስትደርስ ሳትሰናበታት ወደ ወገኖቿ ተመለሰች።

ናርዳ አዝራን የገባችው በቀትር ነው። ገበያው ጸጥ ብሏል። ነጋዴው በሸቀጡ ላይ፣ ዳኛው በወንበሩ ላይ፣ ሲወጋጉ የነበሩ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ንጉሥ ኦርሜን ዘውዱ ተንከባልሎ፣ በደረጃው ላይ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ዝንቡን ከፊቱ እሽ አለችለት። ልትቀሰቅሰው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

ከዚያም ከአንቀላፋው ዘበኛ እጅ ጦሩን ቀስ ብላ ወስዳ፣ በከተማው በር ላይ ቆመች።