የተጨመረው መስመር

በኢንዶኔዥያ፣ በባንዱንግ ከተማ ዳርቻ ባለችው ትንሽ ክሊኒክ፣ አልጋ ቁጥር አራት ላይ የወይዘሮ ኒኒንግ አስከሬን በባቲክ ጨርቅ ተሸፍኗል። ኢንስፔክተር ራትሪ ስትገባ ልጃቸው ያያን በእጁ የጻፈውን ክስ ዘረጋላት።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴን የገደለቻት ይቺ ናት!» ጣቱን ከአልጋው ራስጌ በቆመችው ነርስ ላይ ቀሰረ። «ፔኒሲሊን እንደማይስማማት ሳትጽፍ ቀረች።»

«ጽፌያለሁ» አለች ሲስተር ሊሊስ፤ ዓይኖቿ በልቅሶ አብጠዋል። «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ካርዳቸውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ ‹አለርጂ› የሚል አዲስ መስመር ጨመርኩ። አስቀመጥኩት። ዘግቼ ደግሜ ስከፍተውም መስመሩ እዚያው ነበር።»

«የካርዱን ፕሮግራም የሠራሁት እኔ ነኝ!» አለ ያያን። «መረጃው የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ አገላብጫለሁ፤ አንዲት ፊደል የለም። ኮምፒውተር እንዳንቺ አይዋሽም።»

ዶክተር ሄንድራ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። «ስምንት ተኩል ላይ ስከፍተው ካርዱ ላይ ስለ አለርጂ የተጻፈ ነገር አልነበረም» አለ። «እሳቸውን እንዳልጠይቅ ትኩሳቱ አደንዝዟቸዋል። የፔኒሲሊኑን መርፌ በገዛ እጄ ወጋኋቸው።»

ራትሪ ወደ ሊሊስ ዞረች። «በወረቀትስ ለምን አልያዝሽውም?»

ሊሊስ አፏን ከፈተች፤ ያያንን አየችና መልሳ ዘጋችው። «እንዲያው አልያዝኩትም።»

«ይኸው! አልጻፈችም» አለ ያያን።

ራትሪ ግን ሊሊስ ያያንን ያየችበትን ዓይን ልብ ብላ ነበር። «መርዶውን እንዴት ሰማህ?» አለችው።

«ዶክተሩ ደወለልኝ።»

«በየትኛው ስልክ?»

«በአዲሱ፤ ትናንት ነው ያወጣሁት።»

«ቁጥሩን ለማን ሰጠህ?»

«ለእናቴ ብቻ።»

«እርስዎስ ዶክተር፣ ከየት አገኙት?»

«ከካርዳቸው ላይ።»

ራትሪ ሦስቱንም በአልጋው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ትናንት የወጣ ቁጥር ካርዱ ላይ የገባው ዛሬ ታካሚዋ ሲመጡ ነው» አለች በዝግታ። «ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ ሲስተር?»

«አዎ። ወይዘሮ ኒኒንግ ቁጥሩንም አለርጂውንም ባንድ ጊዜ ነገሩኝ፤ ባንድ ጊዜ አስቀመጥኳቸው።»

«እንግዲህ ነርሷ ካርዱን ከፍታለች፣ ጽፋለች፣ አስቀምጣለች። ዶክተሩም ያዩትን አልደበቁም፤ ቁጥሩን ያገኙት ከዚያው ካርድ ነው። ቁጥሩ ተርፎ አለርጂው ለምን ጠፋ? ከሦስት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል ፕሮግራሙን የነካው ማን ነው?»

ያያን ከተቀመጠበት ተነሣ። ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«እኔ። ፕሮግራሙ ተንቀራፈፈ ሲሉኝ ስድስት ሰዓት ላይ አጥፍቼ አስነሣሁት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ስልክ ቁጥር በዳታቤዙ የሚቀመጥበት የራሱ ዓምድ አለው። ነርሶቹ በራሳቸው ርእስ የሚጨምሩት መስመር ግን... ያን ከሰጠኋቸው ገና ሁለት ቀኑ ነው። ምን ወደየት ዓምድ እንደሚሄድ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ማዛመጃ ውስጥ አላስገባሁትም። ሲያስቀምጥ ዝም ብሎ ይዘለዋል፤ ስሕተት ነው እንኳ አይልም። ፕሮግራሙ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ በኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ይቆያል።»

«ሳትሞክረው ሰጠሃቸው?»

«ሞክሬዋለሁ! መስመር ጨመርኩ፣ ካርዱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤ እዚያው ነበር። ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሥቼ ግን አላየሁም።»

ራትሪ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የወረቀቱን ነገር አሁን ንገሪን፣ ሊሊስ። ሥራሽን እስከማጣት ደርሰሽ የደበቅሽው ለማን ብለሽ ነው?»

ሊሊስ ያያንን ማየት አልቻለችም። «በወረቀትም ልጽፈው ብዕር አንሥቼ ነበር። ወይዘሮ ኒኒንግ እጄን ያዙኝ። ‹ተዪው ልጄ፣ ይሄን የሠራው የእኔ ያያን ነው፤ ከእሱ ሥራ ምንም አይጠፋም› አሉኝ። እየሣቁ ነበር።»

 ያያን የባቲኩን ጫፍ በጣቶቹ ይዞ ቆየ። ከዚያ እጁን ወደ ራትሪ ዘረጋ።

«ክሱን ይስጡኝ።»

ሊሊስ ብዕሯን አቀበለችው። የእሷን ስም ሰረዘ፤ በምትኩ የራሱን ጻፈ። ቀለሙ እስኪደርቅ ድረስም ወረቀቱን ከእጁ አልለቀቀም።