ሦስተኛው እምቡጥ

ዛሬ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተነሣሁ። ምድጃውን አቀጣጠልኩ። እንዳያንሸራትት ብዬ የትናንቱን አመድ ከደጁ በረዶ ላይ በተንኩ። ድመቷን አበላሁ፣ ውኃ ጣድኩ። መስኮቱን ስከፍት ዳኑብ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ ከወዲያ በኩል የአንድ ጭነት መርከብ ጡሩምባ ብቻ ተሰማኝ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ባኒትሳውን፣ የአይብ ቂጣችንን፣ ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ የአዲስ ዓመት ጠዋት ነውና።

ስሱን ሊጥ በመጋገሪያው ላይ አነጠፍኩ፤ ነጭ አይብና እንቁላል በላዩ አፈሰስኩ፤ ሌላ ሊጥ ደረብኩበት። አራት ቦታ ቆረጥኩት። በየቁራጩ ውስጥም ከጓሮው የድሬን ዛፍ የተቆረጠ አንድ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ሸጎጥኩ። ይህን ስሠራ ዛሬም አፍራለሁ።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት መርጬ አይደለም። በእኛ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ ሰው የሥራ ቦታ የሚመድበው መንግሥት ነበር። በወረቀቴ ላይ የዚህ ከተማ ስም ተጽፎ ወጣ፤ የሥነ ሕይወት መምህርት ሆኜ መጣሁ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከአውቶቡስ ስወርድ የመጻሕፍት ሳጥኔ ከሥሩ ተቀደደና መጻሕፍቱ ጭቃው ላይ ተዘረገፉ። ከወደቡ ሞተር ጠግኖ የሚመለስ አንድ ወጣት እጁን በሱሪው ጠርጎ ከጎኔ ቁጢጥ አለ።

«እነዚህን ሁሉ አንብበሻቸዋል?»

«አብዛኞቹን።»

«ታዲያ ምን ያሸክምሻል? ጭንቅላትሽ ውስጥ ከገቡ እዚሁ ጥለናቸው እንሂድ።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ። ኔቬና እባላለሁ አልኩት፤ ካሊን ነኝ አለኝ። እንድከራይ የተነገረኝ ቤት የእማማ ዝላታ ቤት መሆኑን ስነግረው ቆም ብሎ አየኝ። እማማ ዝላታ አያቱ ነበሩ፤ እዚያው ነበር የሚኖረው።

«ይሄማ ከላይ የተጻፈ ነው!» አለ።

«የጻፈው የትምህርት ቢሮው ጸሐፊ ነው» አልኩት።

መኸሩ እንዲህ እየተቀላለድን አለፈ። እሑድ እሑድ ወንዙ ዳር እንቀመጥ ነበር። የሚያልፉትን መርከቦች በባንዲራቸው እየለየ ከየት እንደመጡ ይነግረኛል፤ እኔ ባንዲራውን ትቼ እሱን አያለሁ። አንዳንዴ ንግግሩን አቋርጦ ወደ እኔ ይዞራል። 

እኔ ከመምጣቴ በፊት በቫርና ወደብ ላሉት የባሕር መርከቦች ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ መልሱ መጣ። ተቀብለውታል፤ ውሉ የአራት ዓመት ነው። እስከ አዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ሳምንት እሺ ወይም እምቢ ማለት አለበት። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ።

«ምን ትያለሽ?»

«ሕይወቱ ያንተ ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ ነው ያልኩት።»

«እኔ የምለው የለኝም። ራስህ ወስን።»

ደብዳቤውን ቀስ ብሎ አጠፈው። የተማርኩ፣ ኩሩ ሴት ነበርኩ። ወንድ ልጅን «አትሂድብኝ» ማለት ውርደት ይመስለኝ ነበር።

«በይ እንግዲያው» አለ፤ «የአዲስ ዓመቱ ባኒትሳ ይወስንልኝ። መንገድ ከደረሰኝ እሄዳለሁ።»

የቀለደ መስሎኝ ነበር። በዋዜማው ግን አራቱን ቅርንጫፎች ራሱ መርጦ ቆረጠ። አንድ እምቡጥ ያለው ለደረሰው ሰው ዕጣው ጤና ነው፤ ሁለት ያለው ጎጆ፣ ሦስት ያለው መንገድ፣ አራት ያለው አዝመራ። እማማ ዝላታ ጠዋት ጉልበታቸውን አሟቸው ስለነበር እኔን ጠሩኝ።

«ነይ መምህርት፣ አንቺ ሸጉጪልኝ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግን፣ እሺ? ማጭበርበር የለም!»

ዓይኔን አልጨፈንኩም። ለተማሪዎቼ እምቡጥ ማለት ገና ያልተከፈተ ቅጠል ወይም አበባ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም ብዬ የማስተምር ሰው ነበርኩ። በዕጣ አላምንም ነበር። ቢሆንም ባለ ሦስቱን አነሣሁና ጫፉ ላይ ያለውን እምቡጥ በጥፍሬ ፈልቅቄ ጣልኩት። ትንሽ አረንጓዴ ቁስል ቀረ። ባለ ሁለት እምቡጥ ቅርንጫፎች ሁለት ሆኑ፤ መንገድ የሚባል ዕጣ ከመጋገሪያው ውስጥ ጠፋ።

ከምድጃው ሲወጣ እማማ ዝላታ መጋገሪያውን ሦስት ጊዜ አሽከረከሩት። ሲቆም በየፊታችን ያረፈውን አደሉን።

«ይሄ የቤቱ ነው፣ አይነካም። ይሄ የኔ። ይሄ የመምህርት። ይሄ ያንተ፣ አንተ ቀበጥ!»

የራሳቸውን ሲቆርሱ ባለ አንድ እምቡጡ ወጣ።

«ጤና! ሰማህ አንተ ጉልበት?» አሉና ጉልበታቸውን በጥፊ መቱት።

ለእኔ አራት እምቡጥ ደረሰኝ። «መምህርት ጎመን ልትተክል ነው!» ብሎ ካሊን ሳቀብኝ። ከዚያ የራሱን ገመጠ። ሲያላምጥ ድንገት ቆመ። ቅርንጫፉን ከአፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ብዙ ቆየ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ፍርፋሪ እለቅም ነበር።

«ሁለት» አለ በመጨረሻ። «ጎጆ።»

ከሰዓት በኋላ እማማ ዝላታ ሲያንቀላፉ፣ ከሥዕለ ማርያም ሥር የተቀመጠውን የቤቱን ድርሻ ሰብሬ አየሁ። ያልተነካው ባለ ሁለት እምቡጥ እዚያ ነበር። ስለዚህ ለካሊን የደረሰው ሌላኛው ነው። የደረሰው መንገድ ነበር። እሱ በጓዳው በኩል መልሱን እየጻፈ ነው። እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ገብቼ መናገር እችል ነበር፤ አልገባሁም። በማግስቱ ከፖስታ ቤት ሲመለስ «በቃ፣ ደብዳቤው ተልኳል» አለኝ።

በፋሲካ ማግሥት ተጋባን። ልጅ አልወለድንም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ ካሊን ሥራውን አቁሞ መርከብ ባየ ቁጥር እኔ ወደ ወጥ ቤት እገባ ነበር። አልከራከረውም፤ ያለውን ሁሉ እሺ እላለሁ፤ ከሚበላው የተሻለውን ቁራጭ ሁልጊዜ ለእሱ አወጣለሁ። አንድ ቀን «ምነው እንደ እንግዳ ታስተናግጂኛለሽ?» ብሎኛል። 

አምና በዛሬው ቀን፣ ሳንባው ከታመመ በኋላ፣ ቁርስ ላይ ነገርኩት። ሁሉንም፤ ጥፍሬን፣ የቤቱን ድርሻ፣ በሩ ላይ መቆሜን። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«መጀመሪያ ምላሴ ነው ያገኘው፣ እምቡጡ የተፈለቀቀበትን ሻካራ ቦታ። ቅርንጫፎቹን የቆረጥኩት እኮ እኔ ነኝ። አላውቃቸውም?»

«ታዲያ ለምን ቀረህ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። በትዳራችን ሲቆጣ ያየሁት ሦስት ጊዜ ቢሆን ነው፤ አንዱ ያ ነበር።

«እስከ ዛሬ የያዘኝ እንጨት መስሎሽ ነው? መንገድ ደረሰኝ፤ አንቺ ጎጆ አደረግሽው። ሁለቱንም መዳፌ ላይ አየኋቸው። ከዚያ መረጥኩ። እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ኔቬና!»

ያን ሁሉ ዘመን ያፈርኩት ምርጫውን ሰረቅኩት ብዬ ነበር። ለካ ማፈር የነበረብኝ በሌላ ነው። ሰውየው መርጦኝ ነበር፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ አላመንኩትም። በገዛ ፈቃዱ የቀረን ባል እንደ እስረኛ ሳስታምም ኖርኩ።

ቁጣው ቶሎ በረደ። ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ያን ቀን ቀና ብዬ ሳይሽ፣ አትሂድ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አንቺ ፍርፋሪ ትለቅሚያለሽ።»

«አሁን ልበል?»

«አሁንማ የት ልሄድ? ይልቅ ሻይ ጨምሪልኝ።»

ጨመርኩለት። ቃሉን ግን አልተናገርኩም፤ አሁንም አፈርኩ።

በጥቅምት ሩሴ ከተማ ሆስፒታል ገባ። በአራተኛው ቀን ጠዋት እጁን ይዤ ተቀምጬ ሳለ ትንፋሹ ተቆራረጠ። ጎንበስ ብዬ በጆሮው «ካሊን፣ አትሂድ» አልኩት። ዓይኑን ገለጠ።

«መምህርት» አለ፤ «ደብዳቤው እኮ ተልኳል።»

ባኒትሳው ደረሰ። አውጥቼ ሦስት ጊዜ አሽከረከርኩት። አንዱ ቁራጭ በእኔ ፊት ቆመ፤ አንዱን ለቤቱ አነሣሁ፤ ሁለቱ በእማማ ዝላታና በካሊን ባዶ ወንበሮች ፊት ቀሩ። ባለ ሦስቱን ቅርንጫፍ ከነሙሉ እምቡጡ ነው የሸጎጥኩት። በጥፍሬ የነካሁት የለም። ከመጋገሪያው የጎደለ ዕጣ የለም።

የጎደለው ካሊን ነው።