ሁለቴ ከተመታ ሂድ ነው

ይሄ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ድሮ ቢሆን «ወንድሜ ይሙት» ብዬ እምልላችሁ ነበር... አሁን በማን ልማል?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔና ታናሽ ወንድሜ በባትሪ የሚሄድ የዕቃ ማድረሻ መኪና እየሞከርን ነበር። ከኋላው ያለው የማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አሸዋ በከረጢት ጭነናል፣ ለሙከራው ብለንም ሳጥኑን በረዶ አድርገነዋል።

ዳገቱ ቻርጁን ጠጣው። አስር በመቶ ቀረ።

ቆምንና ወንድሜ ጭነቱ ተንሸራቶ እንደሆነ ሊያይ በሸሚዝ ብቻ ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

ነፋስ በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው።

በሩ የሚከፈተው በባትሪው ነው... ቻርጅ ሲያንስ ደግሞ እምቢ ይላል። የውስጥ መክፈቻ ገና አልተገጠመለትም። በብረት ታገልኩት፣ ወይ ፍንክች። በመንገዱ ዝር የሚል ሰው የለም።

«ማሙሽ፣ ትሰማኛለህ?» ጢም አብቅሎም ለእኔ ማሙሽ ነው።

ኳ... ኳ።

የታክሲ ረዳት ሆኖ ነው ያደገው። አንዴ ከመታ ቁም፣ ሁለቴ ከመታ ሂድ ማለቱ ነው። ጋራዣችን ግቢ ደርሰን ቻርጅ ላይ ከሰካነው በሩ ይከፈታል። የአንድ ሰዓት መንገድ... ነዳሁ።

መኪናው ድምፅ የለውም። የምሰማው እሱን ብቻ ነው።

ቻርጅ ልቆጥብ ቀስ ስል... ኳ ኳ።

አራት በመቶ። ኳ ኳ።

«እሺ የኔ ጌታ፣ ደረስን» እለዋለሁ፣ እያለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ልብ አልኩ... የሚመታው ልክ ከወንበሬ ጀርባ ነው። እዚያ ጋ አሸዋውን እስከ ጣሪያ የደረደርኩት እኔው ነኝ። እንኳን ሰው፣ እጅ አያሾልክም።

ፀጉሬ ቆመ። ግን ምን ላድርግ? ወንድሜ ነው። ነዳሁ።

ግቢ ስንገባ አንድ በመቶ ቀርቶ ነበር። መካኒኩ ሮጦ ገመዱን ሰካው። በሩ ተከፈተ።

ማሙሽ እዚያው በሩ ሥር ተኮራምቷል። ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ... እንደዚያው ደርቋል።

መካኒኩ አምቡላንስ ጠራ። የአምቡላንሷ ነርስ አንገቱን ዳሰሰች።

«ካረፈ ቆይቷል» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አሁን እኮ... ግቢው በር ላይ ስንደርስ መትቷል።»

አንስተን አምቡላንሷ ውስጥ አስገባነው። ነርሷ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። ከኋላ እኔና እሱ ብቻ ቀረን።

እጆቹን እንደምንም ከብብቱ አውጥቼ ያዝኳቸው፣ ይሞቁ ይሆናል ብዬ። አራቱም እጃችን ጭኔ ላይ ነው።

ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ቆርቆሮ...

ኳ... ኳ።

ሹፌሩ ዞር ሳይል «እሺ» አለና ነዳ።